ወለደች

የወይራ አምባ አበጋዝነት የተገኘው በጦር ሜዳ አይደለም፤ በበሬ ቁርበት ነው። ወይራ አምባ ከአምበር በላይ ያለ ደጋ ነው፤ ከዚያ ተነሥቶ ደብረ ማርቆስ ለመግባት አንድ ሙሉ ቀን መጓዝና የጨሞጋን ወንዝ መሻገር ያስፈልጋል። በቤተሰቡ ሲነገር የኖረው እንዲህ ነው። ከብዙ ዘመን በፊት አንድ ንጉሥ ለዘመቻ ሲያልፍ ዶፍ ዝናብ ያዘውና አካለ ወልድ ከሚባል ሰው ቤት ገባ። በቤቱ ውስጥ የነበረው መኝታ አንድ የበሬ ቁርበት ብቻ ነበር፤ በእሱም ላይ የአካለ ወልድ ሚስት ታማ ተኝታለች። አካለ ወልድ ሚስቱን አንሥቶ መሬት ላይ አስተኛትና ቁርበቱን አራግፎ ለንጉሡ አነጠፈለት። ንጉሡ ጠዋት ደስ ብሎት ተነሣና፣ «አንተን አበጋዝ ብዬሃለሁ። ካንተም በኋላ በዚህ ቁርበት ላይ የሚቆመው ልጅህ አበጋዝ ይሁን» አለው። ሚስቲቱ ግን ሳይነጋ ሞታ ነበር። ቤተሰቡ ታሪኩን ሲያወራ እዚህ ላይ ሲደርስ ቶሎ ብሎ ያልፋል።

ቁርበቱ በየትውልዱ ዳር ዳሩ እየተበላ ሲያልቅ፣ አዲስ ቁርበት እየተፋቀ የአሮጌው ቁራጭ መካከሉ ላይ ይሰፋል። እንዲህ እንዲህ እያለ ንጉሡ ከተኛበት የቀረችው መዳፍ የምታህል፣ የጠቆረች፣ እንደ እንጨት የደረቀች ቁራጭ ናት። አበጋዙ ሞቶ ዓመት ሲሞላው ቁርበቱ በሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ይነጠፋል። ቆጣሪው ይቆምና ከአካለ ወልድ ጀምሮ ትውልዱን ይቆጥራል። በመጨረሻ የተጠራው ልጅ ጫማውን አውልቆ ያችን ቁራጭ ይረግጥና ቆጠራውን በራሱ አፍ ይደግመዋል። ቁርበት የሚረግጠው አንድ ሰው ብቻ ነው። ከገረድ የተወለዱት ከቅጥሩ ውጭ የእንግዶቹን በቅሎ ይዘው ይቆማሉ። በወይራ አምባ ሰው ተጣልቶ «አንተ በቅሎ ያዥ» ከተባባለ ነገሩ በሽማግሌ ካልሆነ አይበርድም።

ቆጠራው ይህ ነው። አካለ ወልድ ወልደ ሚካኤልን ወለደ። ወልደ ሚካኤል እንዳላማውን ወለደ። እንዳላማው ወልደ ሰንበትን ወለደ። ወልደ ሰንበት ሁለት ወንዶች ልጆች ነበሩት፤ እሱ በሞተ በዓመቱ በቁርበቱ ዙሪያ በጎራዴ ተላለቁና ሴቲቱ ልጅ ብቻ ቀረች። ስለዚህ ወልደ ሰንበት ወለተ ሚካኤልን ወለደ ተባለ። ወለተ ሚካኤል ቢያድግልኝን ወለደች። ቢያድግልኝ ወልደ ሩፋኤልን ወለደ።

የወልደ ሩፋኤል የሰማንያ ሚስት የብርጓል ትባላለች። ሦስት ልጆች ቀብራ በአራተኛው ባዘዘውን አገኘች። ከዚያ ወዲህ እንቅልፏ የዶሮ እንቅልፍ ሆነ። ልጁ ካስነጠሰ ከተቀመጠችበት ትነሣለች፤ ከብት ወዳለበት ከሄደ በር ላይ ትቆማለች። ነገር ግን ከበሽታና ከበሬ ቀንድ ይልቅ የምትፈራው አንድ ነገር ነበር፤ ልጇ ቁርበቱ ላይ ቆሞ አፉ እንዳይተሳሰርበት ነው። ስለዚህ ገና በአራት ዓመቱ ቆጠራውን ታስተምረው ጀመር። ልጁ አራቱን ያለ ችግር ይወርዳቸውና አምስተኛዋ ላይ ይሰናከላል። ምላሱ «ወለደ፣ ወለደ» ማለት ስለለመደ፣ «ወለተ ሚካኤል ቢያድግልኝን ወለደ» ይላል።

«ወለደች!» ትለዋለች ጆሮውን ቆንጥጣ። «ሴት ናት እኮ! ሴት ወለደች ነው የሚባለው። እዚያ ቆመህ እንዲህ ብትል ያ ሁሉ ሰው ምን ይላል? የአበጋዝ ልጅ አይደለም ቢሉህስ?»

«ወለደች» ይላል ልጁ እንባው እየወረደ።

«ካንደኛው ጀምር።»

ራት ሳይበላ ያደረባቸው ቀኖች ነበሩ። ሰባት ዓመት ሲሞላው ቆጠራውን እየሮጠ ይለው ነበር፤ አምስተኛዋ ላይ ሲደርስ ግን እጁ ሳያውቀው ወደ ጆሮው ይሄዳል።

በዚያው ቤት ሌላ ልጅ ነበረ። ወልደ ሩፋኤል የብርጓልን ከማግባቱ በፊት ከቤቱ ገረድ ከሥራነሽ የወለደው ነው፤ ስሙ አስማማው። ባዘዘውን በስድስት ዓመት ይበልጠዋል። ግንባሩም አረማመዱም ቁርጥ ወልደ ሩፋኤል ስለሆነ የማን ልጅ ነው ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም፤ ጮክ ብሎ የሚናገርም አልነበረም። እናቱ ትፈጫለች፣ እሱ ያርሳል፤ በዓል ሲሆን የእንግዶች በቅሎ ይይዛል። ወልደ ሩፋኤል በሰኔ 1928 ዓ.ም. ከጦሩ ቆስሎ ተመልሶ ሊሞት ሲያጣጥር ሽማግሌዎቹን አስጠራ። «አስማማውም...» ብሎ ሲጀምር የብርጓል፣ «ውኃ ጠማው!» እያለች የማር ውኃውን ከነዋንጫው አፉ ላይ ደፋችበት። ትን አለው። ከዚያ በኋላ ሌላ ቃል ሳይወጣው ሞተ። ሽማግሌዎቹ መሬት መሬት አዩ። ሥራነሽ በጓዳው በር ቆማ አይታለች።

ጣሊያን ደብረ ማርቆስ ከገባ ወዲህ አንድ ዓመት ሊሞላ ነው። ባዘዘው አሥራ ሰባት ዓመቱ ሲሆን፣ የአባቱ ሙት ዓመት ሊደርስ አንድ ወር ቀርቶታል። የብርጓል ቁርበቱን ከተሰቀለበት አውርዳ ቅቤ ቀብታ አጥፋ አስቀምጣለች። በግንቦት መጀመሪያ አንድ ባንዳ በቅሎ ላይ ሆኖ መጣና በገበያ መካከል ወረቀት አነበበ። «የወይራ አምባው አበጋዝ በአሥር ቀን ውስጥ ደብረ ማርቆስ ይቅረብ። ሹመቱ ይጸናለታል፤ ካባም ይለብሳል። ያልቀረበ እንደሆነ ቤቱ ይቃጠላል፤ የሰባቱ መንደር ከብት ይነዳል።»

የብርጓል እልል አለች። ባዘዘውም የአባቱን ጫማ አውጥቶ ይጠርግ ጀመር።

በሦስተኛው ቀን ወንድሟ አበረ መጣ። አበረ ለጣሊያን ከብቶች ድርቆሽ እያቀረበ በደብረ ማርቆስ ሰፈር ውስጥ ይገባ ይወጣ ነበር። ወደ ቤት አልገባም፤ ከአጥሩ ውጭ ጠርቶ ከአንድ ዛፍ በስተጀርባ ወሰዳት።

«ልጁን እንዳትልኪው» አላት።

«ካባ ያለብሱታል አይደል?»

«ካባውማ አለ። ካባው ግን አንድ ነው፤ እስከ ዛሬ ለቀረቡት ሦስት ባላባቶች ያለበሱት ያንኑ ካባ ነው። ጀርባው ላይ ተቀዶ ተሰፍቷል። መጀመሪያ የመጣውን ሰውዬ ከነካባው ነው የተኮሱበት መሰለኝ፤ ከዚያ ወዲህ እያስወለቁ ነው። ያለብሱታል፣ ፎቶግራፍ ያነሡታል፣ ያስወልቁታል፣ በካሚዮን ወደ ወንዙ ያወርዱታል። ካሚዮኑ ባዶውን ይመለሳል።»

የብርጓል ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

«ጫካ ይግባ» አለች።

«ቤቱን ያቃጥላሉ። ከብቱን ይነዳሉ። ከብቱ የተነዳበት የሰባት መንደር ሰው ራሱ ፈልጎ ያስረክበዋል። ለጥማድ በሬው ሲል የሰው ልጅ የማይሰጥ ማን አለ?»

«ወረቀቱ ላይ ስሙ ተጽፏል?»

«የማን?»

«የልጄ ነዋ! ባዘዘው የሚል አለ?»

አበረ አሰበ። «የለም። አበጋዙ ነው የሚለው። እነሱ ስሙን ምን ያውቁታል?»

የብርጓል በሩቁ እርሻውን አየች። አስማማው በሬዎቹን እየነዳ ትልሙን ጨርሶ ይመለሳል። ጅራፉን ሲያጮኸው ድምፁ እነሱ ጋ እስኪደርስ ጥቂት ይቆያል። አበረ የምታየውን አየና ፊቱ ተለወጠ።

«አንቺ እኅቴ፣ እሱም የእናት ልጅ እኮ ነው።»

«እኔ ሦስት ቀብሬያለሁ» አለች። «ሥራነሽ ገና አንድም አልቀበረችም።»

አስማማው ሲጠራ ጅራፉን በትከሻው እንዳደረገ መጣ። የብርጓል በርጩማ ላይ አስቀመጠችውና ውኃ በገበታ ይዛ እግሩ ሥር ተንበረከከች። ሰውየው ደንግጦ እግሩን ሰበሰበ።

«እሜቴ፣ ምን አጠፋሁ?»

«ምንም። እግርህን አምጣ።»

«በሬው ነው? እግሩን ያመመው እኔ መትቼው አይደለም፤ ድንጋይ...»

«እግርህን አምጣ አልኩህ። የአበጋዝ እግር በጭቃ አይሄድም።» የጭቃውን ቅርፊት በጥፍሯ እየፋቀች አጠበችው። «አባትህ ሲሞት ስምህን ጠርቶ ነበር። እኔ አፈንኩት። ነፍስ አባቴ እውነቱን ካልተናገርሽ አልፈታሽም አሉኝ። ቁርበቱ የአንተ ነው። ደብረ ማርቆስም ሄደህ ካባውን የምትለብሰው አንተ ነህ።»

አስማማው የታጠበ እግሩን አየ። ከዚያ፣ «ባዘዘውስ?» አለ።

«ለባዘዘው አታስብ። ከዛሬ ጀምሮ እሜቴ አትበለኝ። እናቴ በለኝ።»

አፉን ከፈተ፤ ግን አልወጣለትም። ሃያ ሦስት ዓመት የፈለገውን ነገር በአንድ ከሰዓት በኋላ ሲሰጡት እንዴት እንደሚቀበሉት አያውቅም ነበር። ዓይኑ ብቻ እንባ ሞላ። የብርጓል እንባውን አይታ ወደ ገበታው አጎነበሰች።

ከወፍጮው በኩል የመጅ ድምፅ ቆመ። ሥራነሽ እጇ በዱቄት እንደነጣ ወጣች።

«እሜቴ፣ ልጄን እስከ ዛሬ በቅሎ ሲያሲዙት ኖሩ። ዛሬ ምን ታይቶዎት ነው?»

«ነፍስ አባቴ አዘውኝ ነው።»

«ነፍስ አባትዎ ዛሬ ነው እንዴ የተወለዱት?»

«ሥራነሽ፣ አፍሽን ሰብስቢ! ልጅሽን አበጋዝ ባደርገው ትቆጪያለሽ?»

«አልቆጣም። እፈራለሁ እንጂ። እርስዎ በዚህ ቤት ለእኔ በነፃ የሰጡኝ ነገር አላውቅም።» ወደ ልጇ ዞረች። «ከሄድክ በአምበር በኩል ዙረህ ሂድ። እዚያ ያለውን የመድኃኔ ዓለም ጠበል ሁለት ቀን ተጠመቅና ከዚያ ሂድ። ሰምተሃል?»

«ቀኑ ያልፋል እኮ!» አለች የብርጓል።

«አሥር ቀን አይደል የተባለው? አያልፍም» አለች ሥራነሽና ወደ ወፍጮዋ ተመለሰች።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ በሚካኤል ቅጥር ቆየ። ቆጣሪው አያ ታረቀኝ ናቸው፤ ቆጠራው በቤታቸው ከአባት ወደ ልጅ የመጣ ነው። የብርጓል የፈለገችውን ስትነግራቸው በትራቸውን ተደግፈው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እመት የብርጓል፣ ሕጉን ያውቁታል። የሰማንያ ልጅ ቆሞ ሳለ የገረድ ልጅ አይጠራም። እኔ ልጥራ ብልስ አፌ እሺ ይለኛል?»

«የሰማንያ ልጅ የለም» አለች።

«ይኸው የቆመው!»

ባዘዘው በሰው መካከል ነበር። የአባቱን ጫማ አድርጓል። የብርጓል አላየችውም፤ ላለማየት የታረቀኝን በትር ትኩር ብላ አየች።

«ባዘዘው ከወልደ ሩፋኤል አልተወለደም» አለች።

ሰዉ እንደ ንብ ተንጫጫ። አንዲት ደብሪቱ የምትባል ጎረቤት፣ «እሰይ! ታዲያ ያ ሁሉ ዘመን ጆሮው ሲቆነጠጥ የኖረው የማን ልጅ ነው?» ብላ ጮኸችና ሴቶቹ ሳቁ። ቄሱ መስቀሉን አውጥተው ሕዝቡ ጸጥ እስኪል ጠበቁ።

«እንዲህ ያለ ነገር በአፍ ብቻ አይሆንም። መስቀሉን ጨብጪና እኔ የምልሽን በይ። ይህ ሐሰት ቢሆን፣ በይ።»

«ይህ ሐሰት ቢሆን።»

«ያለኝን አንድ ልጅ ይንሣኝ፣ በይ።»

የብርጓል ይህን አላሰበችውም ነበር። መስቀሉ በእጇ ውስጥ ቀዘቀዘ። ሦስቱን የወሰደ አምላክ ለምን እንደምትምል ያውቃል፣ አይፈርድብኝም ብላ አሰበች። ከሰዉ ጀርባ አበረ ራሱን በሁለት እጁ ይዞ ቆሟል።

«ያለኝን አንድ ልጅ ይንሣኝ» አለች።

ታረቀኝም በትራቸውን አንሥተው፣ «እንግዲያስ የተጠራው አስማማው ነው። ቁርበቱን በሙት ዓመቱ ይረግጣል፤ ደብረ ማርቆስም የሚሄደው እሱ ነው» አሉ።

ለልጇ እውነቱን ልትነግረው አስባ ነበር፤ ግን ዛሬ አይደለም። ባዘዘው ያሰበውን ሁሉ ፊቱ ላይ የሚያሳይ ልጅ ነው። ሌላው በእኔ ፈንታ አይሞትም ብሎ ቢጮህስ? አስማማው ጨሞጋን ይሻገር፤ በማግሥቱ እነግረዋለሁ፤ እግሩ ላይ ወድቄ እነግረዋለሁ ብላ ወሰነች። ቤት ሲገቡ አስማማው የወልደ ሩፋኤልን ኩታ እየለበሰ፣ ሥራነሽ ስንቁን እየቋጠረች ነበር። ባዘዘው ከበሩ አላለፈም።

«የማን ልጅ ነኝ?» አለ።

የብርጓል አስማማውን አየች። አስማማውም የሚለብሰውን ትቶ መልሷን ይጠብቃል።

«የማንም ሁን» አለች። «የእኔ ነህ።»

«የማን ነኝ ነው ያልኩሽ።»

«ተወኝ፣ ልጄ። ዛሬ ተወኝ።»

ባዘዘው ጫማውን አወለቀና በበሩ ላይ አስቀምጦ ሄደ። በማግሥቱ ጠዋት አስማማው በበቅሎ ተቀምጦ እናቱ እንዳለችው ወደ አምበር ሲወርድ፣ የባዘዘው ፈረስ ከጋጣው ጠፍቶ ተገኘ። የብርጓል ሮጣ በዙሪያው ጠየቀች። አንድ ሰው ጎሕ ሲቀድ ሲጋልብ አይቼዋለሁ አለ፤ በየት በኩል እንደሆነ ግን አላስተዋለም። ወደ ቁይ ነው አለች በልቧ፤ እዚያ ታየች የምትባል እኅት አለቻት፤ ልጁ ሲከፋው ሁልጊዜ ወደ ታየች ነው የሚሄደው። ይህን ካሰበች በኋላ ልቧ ዐረፈ። እንዲያውም ራቀ፣ ደግ አደረገ፣ እዚያው ይቆይ አለች። አንድ ዘመድ ወደ ቁይ ላከች፤ «ነገሩ ሲያልፍ እናትህ ሁሉን ትነግርሃለች በለው» ብላ።

በእነዚያ ሦስት ቀኖች የብርጓል ከብዙ ዓመት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥሩ እንቅልፍ ተኛች። ቀን ቀን በአጥሩ በር ቆማ ወደ ደብረ ማርቆስ የሚወስደውን መንገድ ታይ ነበር። የምትጠብቀው የአስማማውን መርዶ ነው። ለለቅሶው የምትለብሰውን ጥቁር ነጠላ ለብቻው አስቀምጣለች። ሥራነሽን የምታጽናናበትን ቃል ሁሉ አሰናድታ ነበር፤ እኔም ሦስት ቀብሬያለሁ ልትላት ነው።

በአራተኛው ቀን፣ ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ፣ የቤቷ በቅሎ በመንገዱ ብቅ አለች። የብርጓል ዓይኗን በእጇ ጋረደች። በበቅሎዋ ላይ ሰው አለ። አስማማው ነው፤ የወልደ ሩፋኤልን ኩታ እንደለበሰ፣ በሕይወቱ። ከኋላው አበረ በእግሩ ይከተላል።

እስኪደርሱ ድረስ አልጠየቀችም። አስማማው ገና በሕይወት መኖሩን ስታይ የሚነግሯትን ሁሉ አውቃለች።

«ለምን ተመለስክ?» አለችው እንዲያው።

«ጨሞጋ ላይ አበረ አገኘኝ» አለ አስማማው። «አበጋዙ ትናንት ገብቷል፣ አንተን የሚፈልግህ የለም፣ ተመለስ አለኝ።»

አበረ መሬት ላይ ተቀመጠ። ሲናገር እጁን እያየ ነው።

«ድርቆሽ ሳራግፍ አየሁት። በራሱ ፈረስ መጣ፤ በባዶ እግሩ። ዓይኔን ብጠቅስ፣ እጄን ባወዛውዝ አላየኝም። አስተርጓሚው "አንተ ማን ነህ?" አለው። "የወይራ አምባ አበጋዝ ነኝ" አለ። ያን ጊዜ ጮኽሁ፤ "ውሸቱን ነው! ይህ ልጅ የአበጋዝ ልጅ አይደለም፤ እናቱ በመስቀል ምላለች" ብዬ ጮኽሁ። አስተርጓሚው ሳቀና ለፈረንጁ ነገረው። ፈረንጁም ሳቀ። "እስቲ አስረዳ" አሉት።»

«ከዚያ?»

«ከደረቱ አንዲት የጠቆረች ቁርበት አወጣ። መሬት ላይ አኖራትና ቆመባት። ከዚያ ቆጠረ።»

«ቆጠረ?»

«ካንደኛው ጀምሮ።»

የብርጓል ድምፅዋ እንደ ሹክሹክታ ሆነ። «አምስተኛዋንስ?»

«አልተሳሳተም» አለ አበረ። «ወለደች አለ። ፈረንጁ በጣም ደስ አለው፤ አጨበጨበ። ካባውን አለበሱት፣ ፎቶግራፍ አነሡት፣ አስወለቁት። ካሚዮኑ ላይ ሲወጣ አየኝና፣ "አጎቴ፣ ለእናቴ ንገራት፤ የማን ልጅ እንደሆንኩ መዝገብ ላይ ተጽፎልኛል" አለኝ። ካሚዮኑ ሲመለስ...» አልጨረሰውም። ከቀበቶው ሥር መዳፍ የምታህለውን ቁራጭ አውጥቶ መሬት ላይ አስቀመጠላት። «ይህችን ጥሏት ሄዶ ነበር። አስከሬን አይሰጡም።»

አስማማው ወደ ቤት ገብቶ የታጠፈውን ቁርበት ይዞ ወጣና ዘረጋው። መካከሉ ላይ በቢላ የተቀደደ ቀዳዳ አለ። በቀዳዳው በኩል የግቢው አፈር ይታያል። ቀዳዳውን አየ፣ የብርጓልን አየ፣ እግሩን አየ፤ ያ የታጠበ እግሩን። ነገሩ ቀስ እያለ ሲገባው ፊቱ ላይ ይታይ ነበር።

ሥራነሽ ከወፍጮዋ ወጥታ ቆማ ነበር፤ ነገሩ ከእሱ ቀድሞ ገብቷታል። አልጮኸችም። ወደ የብርጓል ቀረበችና ጎንበስ ብላ፣ «እሜቴ፣ መርዶዬን ሲጠብቁልኝ ነበር ለካ» አለቻት። «እኔ እኮ በየቀኑ በር ላይ ሲቆሙ፣ ለልጄ አስበው መስሎኝ ምግብዎን እዚያው ሳመጣልዎት ነበር።»

ከዚያ በኋላ የመጣ ባንዳ የለም። በጣሊያን መዝገብ የወይራ አምባ አበጋዝ ቀርቧል፣ ተሰርዟል። ቤቱም ከብቱም ተረፈ። የሰባቱ መንደር ሰዎች እየመጡ ለአስማማው እጅ ነሡ። ሙት ዓመቱ ሳምንት ሲቀረው አስማማው የብርጓልን ጠራት። በወልደ ሩፋኤል ወንበር ተቀምጧል። ለመጀመሪያ ጊዜ «አንቺ» አላት።

«ከቤቴ አላስወጣሽም። ሰው ምን ይለኛል? ቁርበቱን ግን አንቺ ትሰፊዋለሽ። ቀዳዳ ላይ አልቆምም።»

«ቁራጯን ተውልኝ» አለች። «እሷን ብቻ ተውልኝ። ሌላ ቁርበት ስፉበት።»

«እሷ የሌለችበት ምን አበጋዝነት አለ? አንቺ አይደለሽም እንዴ ለልጅሽ ይህን ስታስተምሪ የኖርሽው? እኔም ከበሩ ውጭ ሆኜ ስማር ነበር።»

የብርጓል ወስፌና ጅማት ይዛ ሁለት ቀን ተቀመጠች። በቁራጯ ላይ የእግር ጣት ያረፈበት ቦታ ጭቃ ደርቆበት ነበር፤ አላራገፈችውም፤ ከነጭቃው ሰፋችው።

ከሙት ዓመቱ በፊት ወደ አያ ታረቀኝ ሄዳ እግራቸው ላይ ወደቀች። ልጄን ከአባቱ ጋር ጥሩልኝ፣ ቁርበት ይርገጥ አላልኩም፣ ስሙን ብቻ ጥሩት አለች። መሐላዬ ሐሰት ነው፣ ለልጄ ስል ነው አለች። ሽማግሌው አዝነው አዳመጧት።

«እመት፣ ሐሰት ቢሆን ልጄን ይንሣኝ ብለዋል። ነሣዎት። አሁን ሐሰት ነበር ሲሉ እኔ አምንዎታለሁ። ግን በመስቀል የተባለውን እኔ በአፌ ላፍርሰው? ሕዝቡስ ሁለት ጊዜ ይስማ?» ከዚያም ቀስ ብለው፣ «ደግሞ አስማማው ፈቃድ አልሰጠም» አሉ።

በሙት ዓመቱ ቀን የሰኔ ዝናብ ጠዋት ዘንቦ አባርቶ ነበር። ቅጥሩ በሰው ሞላ። ሥራነሽ ነጭ ለብሳ ከሴቶቹ ፊት ተቀመጠች። የብርጓል ልትገባ ስትል በሩ ላይ የቆመው ሰው አላሳለፋትም፤ ክፉ ቃልም አልተናገራትም፤ የሁለት በቅሎዎችን ልጓም እጇ ላይ አኖረላትና ፊቱን አዞረ። ይዛ ከግንቡ ውጭ ቆመች። በቅሎዎቹ ከርጥበቱ የተነሣ ይንቀጠቀጡ ነበር።

ቁርበቱ ተነጠፈ። አያ ታረቀኝ በትራቸውን ተደግፈው ጀመሩ። ድምፃቸው በዚህ አንድ ወር ውስጥ ደክሟል።

«አካለ ወልድ ወልደ ሚካኤልን ወለደ። ወልደ ሚካኤል እንዳላማውን ወለደ። እንዳላማው ወልደ ሰንበትን ወለደ። ወልደ ሰንበት ወለተ ሚካኤልን ወለደ። ወለተ ሚካኤል ቢያድግልኝን ወለደ...»

ቆሙ። አንድ ነገር እንደተሳሳቱ አወቁ፤ ምን እንደሆነ ግን ጠፋቸው። አስማማው ጫማውን በእጁ ይዞ ቆሟል። ሽማግሌው እንደገና፣ «ወለተ ሚካኤል ቢያድግልኝን...» ብለው አሁንም ቆሙ።

«ወለደች» አለ አንድ ድምፅ ከግንቡ ውጭ።

ሰዉ ሁሉ ዘወር አለ። የብርጓል የአንድ እጇ ጣቶች ልጓሙን ይዘዋል፤ በሁለተኛው እጇ የገዛ ጆሮዋን ቆንጥጣ ይዛለች።

«ወለደች» አሉ አያ ታረቀኝ አርመው። «ወለተ ሚካኤል ቢያድግልኝን ወለደች። ቢያድግልኝ ወልደ ሩፋኤልን ወለደ። ወልደ ሩፋኤል አስማማውን ወለደ።»

አስማማው ረገጠ። እልልታው ሲነሣ አንደኛዋ በቅሎ ደንብራ ወደ ኋላ ሳበች፤ የብርጓልም ልጓሙን አሳጥራ ያዘችና እንዳታመልጥ ከግንቡ ጋር አስጠጋቻት።